ስድስት ሰዓት ደምር

ዶክትሬቴን የሠራሁት በዓይኔ አይቼው በማላውቀው እንስሳ ላይ ነው። ካሪቡ ይባላል፤ ከሰሜን ዋልታ ወዲህ በበረዶ አገር የሚኖር ትልቅ አጋዘን ነው። እኔ ከአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሰሜን የሄድኩት ቢበዛ እስከ ቦስተን ነው፤ እሱንም ለሠርግ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዎች ምን እንደማጠና ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ «ታዲያ የእኛ ዋልያ ምን በደለህ?» ይሉኛል። «የዋልያ ነገር የሚያሳስበው ፕሮፌሰር አላገኘሁም» እላለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚህ ጥናት የሚያስቀኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ጊዜው ሚሊኒየማችንን ባከበርን በዓመቱ ነው። አሌክሳንድሪያ ከሁለት ልጆች ጋር አፓርትማ ተጋርቼ እኖራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሆቴል እሠራለሁ፤ በቀረው ጊዜ ተማሪ ነኝ። ጥናቱ ከስሙ ይቀላል። ካሪቡ በረዶው ሲጠልቅ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ነፋሱ ሲነሣ የት እንደሚቆም ከድሮ መዝገብ እንሰበስብና ኮምፒውተሩን እናስተምረዋለን። ከተማረ በኋላ «አገሩ ቢሞቅስ? በረዶው ቢሳሳስ? እንስሳው የት ይሄድ ነበር?» ብለን እንጠይቀዋለን። ሞዴል የሚባለው ይህ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው፤ ውሸት ካስተማሩት ውሸቱን በሚያምር ካርታ ሥሎ ይመልሳል።

የድሮው መዝገብ አማካሪዬ ቢሮ ውስጥ በካርቶን ተደርድሮ ነበር። እንስሶቹ አንገት ላይ መከታተያ ማሰር ከመጀመሩ በፊት፣ በትንሽ አውሮፕላን ላይ ሆነው እየዞሩ በዓይናቸው ካሪቡ የሚቆጥሩ ሰዎች በእጃቸው የሞሏቸው ቅጾች ናቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የበረዶው ጥልቀት፣ የእንስሳቱ ብዛት። ሰዓቱ ለእኔ ዋና ነገር ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ቅጽ በዚያው ሰዓት ከነበረው የብርድና የነፋስ መዝገብ ጋር ነው የማጋባው። ቅጾቹ ስካን ተደርገዋል፤ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ አንዱን ካርቶን ሳልጨርስ ዓይኔ ፈሰሰ።

ጋሼ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ጋሼ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። አሜሪካ ስገባ ዓመት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትማቸው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ አስተኝተው፣ አብልተው፣ የባቡር አሳፋፈር አስተምረው ያቆሙኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። አዲስ አበባ እያሉ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። «በእኔ እጅ አንድ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም» ይላሉ፤ ይህን የሚሉት በጉራ አይደለም፣ ሌላው ሰው «ደሜ ኦ ነው» እንደሚለው ነው። ልጃቸው አመጣቻቸውና ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ፣ በመስታወት ዳስ ተቀምጠው ቲኬት የሚቀበሉ ሆኑ። ከዩኒፎርሙ ጃኬት ሥር ግን ከረባት ያስራሉ። በዚያ ላይ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤው በእሳቸው እጅ ከተጻፈ ማንም አይከራከርበትም።

አንድ ቀን ዳሳቸው አጠገብ ቆሜ ስለ ቅጾቹ ሳማርር ሰሙኝ።

«ታይፕ ነው?»

«ታይፕ ነው ጋሼ።»

«በእንግሊዝኛ?»

«በእንግሊዝኛ። አብዛኛው ቁጥር ነው።»

«እና እኔ እዚህ ግድግዳ ሳይ የምውለው ምን ሠርቼ ነው? አምጣው እንጂ!»

በታይፕራይተር የሠለጠነ አሥር ጣት ነበራቸው። አሮጌውን ላፕቶፔን ሰጠኋቸው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ መኪና በሌለበት ሰዓት ዳሱ ውስጥ ሆነው ሲጽፉ ደረስኩባቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«ሰዓቱን በእኛ ልመልሰው ወይስ በእነሱ ይሁን? የምትሠራበት አንተ ነህ ብዬ ነው።»

ባቡር ሊያመልጠኝ ነበር። «እንደሚቀልዎት ያድርጉት ጋሼ፤ እኔ ጋ ይስተካከላል» አልኳቸውና ሄድኩ።

ባቡር ውስጥ ሆኜ አሰብኩ። እኚህ ሰውዬ ስድሳ ዓመት ሙሉ በሀበሻ ሰዓት ኖረዋል፤ እጃቸው የለመደውን ነው የሚጽፈው። ጠዋት ዘጠኝ የሚለውን ሦስት፣ አሥራ ሁለት የሚለውን ስድስት ማድረጋቸው አይቀርም። መደወል ይቻል ነበር። «በየትኛው ጻፉት ጋሼ?» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አልደወልኩም። ቤት ገብቼ ፕሮግራሜ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ እሳቸው የጻፉት ሰዓት ላይ ሁሉ ስድስት ሰዓት ደምር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ጋሼን የናቅኩት ያን ቀን ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ጋሼ ስምንት ወር ጻፉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ፋይሉን በፍላሽ ይሰጡኛል፤ ከእሱ ጋር በወረቀት «ከቁጥር ይህ እስከ ቁጥር ይህ፣ ሙሉ፤ ያልተነበበ ሁለት» የሚል ፊርማ ያለበት ማስረከቢያ ይሰጡኛል። ማስረከቢያውን እያየሁ በልቤ እስቅ ነበር። የጻፉትን ከዋናው ቅጽ ጋር አንድ ቀን እንኳ አላስተያየሁም።

አማካሪዬ ግን አየችው። የጋሼን ፋይል ከፍታ ወደ ታች እየሄደች ብዙ ቆየች። አንድ የተዛነፈ ረድፍ፣ አንድ የተረሳ ሳጥን የለም። «ይህን ማን ነው የሠራልህ?» አለችኝ። ነገርኳት። ያልተነኩ ብዙ ካርቶኖች አሉ፤ እነሱን የሚያደራጅና የሚገለብጥ ሰው ለመቅጠር አስባለች፤ እኚህን ሰው አምጣልኝ አለች።

ለጋሼ ስነግራቸው ዳሱ ውስጥ ተነሥተው ቆሙ። «ቢሮ ነው?» አሉኝ። ቢሮ ነው። «መደርደሪያ አለው?» አለው። «ፋይሉን የሚያወጣና የሚያስገባ ሰው ይፈርማል?» ማንም አይፈርምም ጋሼ። «እሱን እናስተካክለዋለን» አሉ። ያን ሰሞን ከእትዬ ጋር ሄደው ጫማ ገዙ። እትዬ ደውለው «ጋሼህ ልጅ ሆነልህ፤ ሌሊት ሳይቀር ስለ መደርደሪያ ያወራል» አሉኝ። ለጋሼ ያ ሥራ ከጭስና ከመስታወት መውጣት ብቻ አልነበረም። እንደገና መዝገብ ቤት መግባት ነበር፤ ሰው እንደገና በሚያውቁት ሥራ እንዲያውቃቸው ነበር።

በዚያው ወቅት ሞዴሌ አንድ የሚገርም ነገር ነገረኝ። ካሪቡዎቹ ሲመሽ ከጫካ እየወጡ ክፍት ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ከእኔ በፊት ማንም ይህን አላለም። እኔ ግን ካርታ ሠርቼ፣ ምዕራፍ ጽፌ፣ አገሩ ሲሞቅ ይህ የምሽት ሜዳ እንዴት እንደሚጠፋ ተነተንኩ። ምዕራፉን ለራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እንዲያውም ለእናቴ በስልክ «አንድ ነገር አግኝቻለሁ» አልኳት፤ እልል አለች።

ኅዳር ላይ አማካሪዬና ሁለት ፕሮፌሰሮች ፊት ቀርቤ ምዕራፉን አሳየሁ። አንደኛው ፕሮፌሰር፣ ብዙ ክረምት ሰሜን የከረመ ሽማግሌ፣ አገጩን እያሻሸ ሰማኝና በጣም በትሕትና ጠየቀኝ። በዚያ አገር በዚህ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከአውሮፕላን ሆነው በዓይናቸው ነው የቆጠሩት። ታዲያ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ካሪቡውን በምን ብርሃን ቆጠሩት?

የጻፍኩት ምዕራፍ በሙሉ ፊቴ ላይ ተናደ። እንዲህ ያለውን ነገር የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይጠይቃል፤ እኔ አልጠየቅኩም። አማካሪዬ አየችኝ። ያቺን መስመር መጨመሬን ያን ጊዜ ረስቼው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ረስቼው ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን «ላጣራ» የሚል ቃል አልነበረም። «የገለበጡልኝ ሽማግሌ ዘመዴ ናቸው» አልኩ። «በእኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሰዓቱ ተምታቶባቸው መሆን አለበት።»

ክፍሉ ላላ። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ፈገግ አለ፤ ስለ ሰዓታችን ጠየቀኝ፣ አስረዳሁት፣ ግሩም ነው አለኝ። አማካሪዬ «ምስኪን» አለች። ከተከሳሽነት ወደ አስተርጓሚነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ተሻገርኩ። የተሻገርኩት በጋሼ ላይ ረግጬ ነው።

ይህ ሳያንሰኝ ወጥቼ ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ደወልኩላቸው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው የሠሩኝ?»

«ምነው ልጄ? ምን ሆንክ?»

«ሰዓቱን ደበላልቀውት! ሦስት ፕሮፌሰር ፊት አዋረዱኝ እኮ! የስምንት ወር ሥራ!»

ከበስተጀርባቸው የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ፤ የቲኬት የሚከፍል ሰው እየጠበቃቸው ነበር። ከዚያ በቀስታ «እኔ እንደተጻፈው የጻፍኩ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «መስሎኝ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ስልኩን ዘጋሁባቸው። በዕድሜ የአባቴ ታላቅ ናቸው።

በማግስቱ ሊታረም የሚገባውን ለማወቅ ቅጾቹን ከፈትኩና የጋሼን ፋይል ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቅጽ ዘጠኝ ይላል፤ ጋሼም ዘጠኝ ብለዋል። ሁለተኛው አሥራ አንድ ተኩል፤ አሥራ አንድ ተኩል። ሃምሳውን አየሁ። መቶውን አየሁ። አንዱ ቅጽ ላይ ጸሐፊው ሰዓቱን ሰርዞ እንደገና ጽፏል፤ ጋሼ የተሰረዘውንም በማስታወሻ ይዘውታል። እንደገና የተምታታ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ መፈለጌ ራሱ ያሳፍረኛል፤ እንዲሳሳቱ እየለመንኩ ነበር። ከዚያ ፕሮግራሜን ከፈትኩ። መስመሯ እዚያው ናት። አጠገቧ በራሴ እጅ የጻፍኩት ማስታወሻ አለ፦ ጋሼ በሀበሻ ሰዓት ስለሚጽፉ።

አጠፋኋት። አንድ ቁልፍ ነው የተጫንኩት። ሞዴሉን እንደገና አስኬድኩት፤ የምሽት ሜዳ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ካሪቡዎቹ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ካሪቡ ሆኑ። ለአማካሪዬ «ሰዓቱ ታርሟል» ብዬ ጻፍኩላት። ውሸት አልነበረም፤ ከውሸት የባሰ ነበር። እሷም መለሰችልኝ፦ ጎበዝ፤ ዘመድህ ላይ አትጨክንባቸው፤ ለካርቶኖቹ ሥራ ግን በእሳቸው ፋንታ አንድ ተማሪ ቀጥሬያለሁ፣ ሐሳቤን እንደምትረዳ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰበቤን ሁሉ አስታውሳለሁ። ከፈተናው በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። አሁን ብናገር «የራሱን ፕሮግራም የማያውቅ» ትለኛለች አልኩ። ጋሼ አንድ ስህተት ቢሠሩስ ምን ይሆናሉ፣ ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት አልኩ። ይህን የመጨረሻውን በግልጽ ቃል አላልኩትም፤ ግን የኖርኩት በእሱ ነው።

በሳምንቱ የአሌክሳንድሪያው ቤቴ በር ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማይሄዱት ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ይዘው መጥተዋል። አዲሱን ጫማ አድርገዋል። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው በዘንቢል ይዘውታል።

«ሳላበላሽብህ ልመልስልህ ብዬ ነው» አሉ። «ሌላ ሰው ይቀጥልልህ።»

«ይግቡ እንጂ ጋሼ።»

ገቡ፤ ሻይ አፈላሁላቸው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያ ሥራ ቀረ አይደል?» አሉኝ። «ቀረ ጋሼ» አልኩ። «ሴትዮዋ እውነቷን ነው። የሚሳሳት ሰው መዝገብ ቤት አይገባም። እኔም ብሆን አልቀጥርም» አሉ። አጠገባቸው ላፕቶፑ፣ ጠረጴዛው ላይ ሻይ፣ በመካከላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነበረ። «እርስዎ አልተሳሳቱም» የሚለው ሁለት ቃል ነው። አልወጣኝም። እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋቸው፤ ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲሳፈሩ «ተጠንቅቀው ይሂዱ» ብዬ በሩ እስኪዘጋ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት በቁርጥራጭ ነው። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ጋሼ መዝገቡንና ማኅተሙን አስረከቡ። ምክንያታቸውን ራሳቸው በመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፈውታል፦ «የማስተዋል ችሎታዬ ስለደከመ»። ጋሼ ለሥራ ሲወጡ ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ተመልሰው እያዩ ያረፍዳሉ ብለው እትዬ ነገሩኝ። ዳሱ ውስጥ የሚሰጡትን መልስ ደጋግመው እየቆጠሩ መኪናው ይሰለፍባቸው ጀመር። እኔ ይህን እየሰማሁ «እኔን» እላለሁ፤ ሌላ ምንም አልልም።

በሁለት ዓመቱ ፈተናውን አለፍኩ፤ ዶክተር ሆንኩ። በመመረቂያ መጽሐፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ የሰዓት መዛግብቱ በገልባጭ ስህተት ምክንያት ታርመዋል። ያችን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዘመድ ተሰብስቦ ድግስ ተደረገልኝ። ጋሼ እንዲመርቁ ተጠየቁ። ተነሥተው መረቁኝና በመጨረሻ «እኔ እንኳ በሥራው ላይ እንቅፋት ሆኜበት ነበር፤ ችሎኝ እዚህ ደረሰ። እግዚአብሔር ትዕግሥቱን ይቁጠርለት» አሉ። ሰው «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ። ዛሬም ያቺን አሜን ሳስባት ብቻዬን እያለሁ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ልጃቸው ከውድብሪጅ ደወለችልኝ። እሷ ነርስ ናት።

«አባዬን ዶክተር ጋ ወስጄው ነበር» አለችኝ። «ሜሞሪ ቴስት አደረጉለት። ሁሉም ኦኬ ነበር። ከዛ ሰዓት ሳል፣ ይህን ያህል አሳይ አሉት። ወረቀቱን መለሰላቸው። ምን አለ መሰለህ? ‹እኔ ሰዓት ላይ እንደምሳሳት ተነግሮኛል፤ ሌላ ነገር ጠይቁኝ›። አይ ሚን፣ እኔ ትራንስሌት እያደረግኩ አለቀስኩ። አምና የገዛሁለትን መኪና ቁልፍም ወስጄበታለሁ፣ ሴፍ አይደለም። አንተ ዶክተር ነህ፣ ሪሰርች ታነባለህ፤ እንደዚህ ነው የሚጀምረው?»

እንዲህ አይደለም የሚጀምረው አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ በስልኩ ውስጥ ልጇ ሲጫወት ይሰማል። «ኮል አታድርግለት» አለችኝ። «ሄደህ ፊቱን እያየህ ንገረው።»

ሄድኩ። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ እኔ የተኛሁበት ሶፋ አይደለም፣ ለውጠውታል። እትዬ ልብስ እያጣጠፉ ነው። ቅጾቹንና የእሳቸውን ፋይል አትሜ ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው፤ ስለዚያች መስመርም ነገርኳቸው። ወረቀቱን አላዩትም። እኔን ነው የሚያዩት።

«መቼ አወቅህ?» አሉኝ።

«በማግስቱ።»

«በማግስቱ» ብለው ደገሙት። ሌላ ነገር የሚሉ መስሎኝ ጠበቅኩ። ልጅ ሆኜ አባቴ ዱላ ሲያነሣብኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

የተናገሩት እትዬ ናቸው። እያጣጠፉት የነበረውን ሸሚዝ ወርውረው ተነሡ። «አራት ዓመት! ሰውዬውን አራት ዓመት እንደ ሕፃን ምድጃ ሳስጠብቀው፣ ሐኪም ቤት ሳንከራትተው፣ አንተ ቁጭ ብለህ እንጀራዬን ትበላለህ? ከአፍህ አንድ ቃል ጠፍቶ ነው?» እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

«ተነሥ» አሉ። «እኔ በየትኛው ልጻፈው ብዬ ስጠይቅህ እንደሚቀልዎት አልከኝ። ለእኔ የሚቀለኝ እንደተጻፈው መገልበጥ ነው፤ ሰነድ እንዴት ይለወጣል? ይህን ታውቃለህ ብዬ ነበር።» ትንሽ አሰቡ። «በመጽሐፍህ ላይ ምን ብለሃል?»

ነገርኳቸው።

«እሱን ታርማለህ። ለሴትዮዋም ትጽፍላታለህ። እድሩ ላይ ደግሞ ራስህ ቆመህ ትናገርና በቃለ ጉባኤ ይያዝልኛል። ስለ እኔ የተጻፈው ተጽፏል፤ የተጻፈ በቃል ይቅርታ አይሰረዝም።»

ለአማካሪዬ ጻፍኩላት። ስለ ማረሚያው ምን ማድረግ እንዳለብኝ በሁለት መስመር መለሰችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጽፋልኝ አታውቅም። መጽሐፉ ላይ የማረሚያ ገጽ ገባ። እሱ ቀላሉ ነበር።

የእድሩ ስብሰባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር፤ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ስድሳ ሰው ያህል ነበረ። ልጃቸውም ከውድብሪጅ መጥታለች። ወረቀት ላይ የጻፍኩትን አነበብኩ፦ ጋሼ እንዳልተሳሳቱ፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ በማግስቱ አውቄ እንደደበቅኩ። ከኋላ አንድ ሰው «ዶክተር ተብዬ!» ሲል ሰማሁ፤ ልክ ነው። ሊቀ መንበሩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፤ ቀጥለውም ጋሼ ወደ ጸሐፊነታቸው ይመለሱልን ሲሉ ሰው አጨበጨበ።

አዲሷ ጸሐፊ ወጣት ሴት ናት። ቃለ ጉባኤውን ጽፋ ስትጨርስ መዝገቡን ይዛ ወደ ጋሼ ሄደች፤ አንብበው እንዲፈርሙበት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና አነበቡት። እስክሪብቶውን አንሥተው ቆሙ፤ አልፈረሙም። ከዚያ መዝገቡን አጠገባቸው ወደተቀመጡት ወደ እትዬ አዞሩት። እትዬ ፊደል የቆጠሩት በጉልምስና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የሚያነቡት ፊደል በፊደል ነው።

«አንቺ እይልኝ» አሏቸው ጋሼ። «ልክ ነው?»

እትዬ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ጀመሩ። አዳራሹ ሁሉ ጠበቀ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

«ልክ ነው» አሉ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ጋሼ። «እኔ ልሳሳት እችላለሁ።»